ዋት ብቻ የሚቆጥር የሶላር ገበያ

መርካቶ ውስጥ የሶላር ፓኔል ዋጋ የሚጠየቀው በዋት ነው። «ባለ 550ው ስንት ገባ?» ይባላል፤ ሻጩ ዋጋውን ይጠራል፤ ደላላው ኮሚሽኑን ያሰላል፤ ደረሰኙ ላይም ብዙ ጊዜ ከዋቱ በቀር የሚጻፍ ነገር የለም። ዕቃው ጤፍ ወይም ስኳር ቢሆን ኖሮ ይህ አሻሻጥ ባልከፋ፤ ኩንታል በኩንታል ላይ ሲጨመር ሁለት ኩንታል ይሆናልና። ፓኔል ግን እንዲህ አይደመርም። 300 ዋት ባለው ጣሪያ ላይ 100 ዋት የጨመረ ሰው 400 አገኛለሁ ብሎ ከፍሎ፣ ማታ ባትሪውን እንደ ወትሮው ጎድሎ ሊያገኘው ይችላል። እንዲያውም ከበፊቱ ሊብስበት ይችላል።

ነገሩ ምሥጢር የለውም። በእያንዳንዱ ፓኔል ጀርባ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ከዋቱ ሥር ቮልትና አምፒር ተጽፈዋል። ዋት የሁለቱ ብዜት ነው። ባለ 36 ሴሉ ትንሽ ፓኔል፣ ባለ 100 ዋቱ፣ 18 ቮልት ገደማና 5.5 አምፒር ይሰጣል። ባለ 60 ሴሉ 300 ዋት ደግሞ 32 ቮልትና ከ9 አምፒር ጥቂት ከፍ ያለ ነው። ሁለቱ በሲሪየስ ሲታሰሩ ቮልታቸው ተደምሮ 50 ይሆናል። በሽቦው የሚያልፈው አምፒር ግን አንድ ነውና ትልቁ በትንሹ ልክ ይሄዳል። ብርቱ በሬ ከደካማ ጋር ሲጠመድ እርሻው በደካማው እርምጃ እንደሚሄድ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። 50 በ5.5 ሲባዛ 275 ዋት ነው። ጥሩ ኮንትሮለር ትንሹን ፓኔል በራሱ ዳዮድ በኩል አሳልፎ በትልቁ ብቻ ሊሠራ ይችላል፤ ያን ጊዜም የሚገኘው የትልቁ 300 ነው፣ ያውም ዳዮዱ የሚበላው ተቀንሶ። በፓራለል ከታሰሩ ደግሞ አምፒሩ ይደመራል፣ ትልቁ ግን ወደ ትንሹ ቮልት ይወርዳል። 18 ቮልት በ15 አምፒር 270 ዋት ይሆናል። በየትኛውም መንገድ ለ100 ዋቱ የተከፈለው ብር ውኃ በልቶታል።

ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን የገበያ ወሬ ባልሆነ ነበር። ፋብሪካዎቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሴሉን መጠን አሳድገዋል። በ2010 ዓ.ም. አካባቢ ጣሪያ ላይ የወጣ ባለ 72 ሴል ፓኔል 330 ዋት ገደማ፣ 38 ቮልትና ከ9 ያነሰ አምፒር ነበር። የዛሬው ባለ 550 ዋት 42 ቮልትና 13 አምፒር ነው። ያኔ 10 ፓኔል የሰቀለ የሆቴል ወይም የዶሮ እርባታ ባለቤት ዛሬ 4 ልጨምር ቢል የቀድሞውን ዓይነት አዲሱን ማግኘት ይቸግረዋል። አሮጌውን አውርዶ ሁሉንም እንዳይቀይርም የምንዛሪው ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ስለዚህ ገዢው ይቀላቅላል። መቀላቀሉ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሻጩ ሳያጣራ «ችግር የለውም» ማለቱ ነው።

ሊያጣራ የሚገባው ጥቂት ነገር ነው። ባለ 330ውና ባለ 550ው በሲሪየስ ቢታሰሩ ከ880 ዋቱ 700 ያህል ብቻ ይገኛል፤ 13 አምፒሩ ወደ 8.7 ይወርዳልና። በፓራለል ቢታሰሩ ግን ቮልታቸው ስለሚቀራረብ ከ830 የማያንስ ይሰጣሉ። ያው ሁለት ፓኔል፣ ያው ጣሪያ፤ ልዩነቱ የሽቦው አያያዝ ብቻ ነው። ቮልታቸው የሚቀራረብ በፓራለል፣ አምፒራቸው የሚቀራረብ በሲሪየስ ይታሰራሉ። ሁለቱም የማይቀራረብ ከሆነ ለአዲሶቹ የራሳቸውን ኮንትሮለር ገዝቶ ሁለቱን ኮንትሮለሮች ወደ አንድ ባትሪ ማስገባት ነው። ሻጭ ይህን ቢመክር ተጨማሪ ዕቃ ይሸጣል እንጂ ምን ይጎድልበታል?

ከኪሳራም አልፎ የሚያቃጥል ስሕተት አለ። 100 ቮልት የሚችል ኮንትሮለር የገዛ ሰው ሁለት ባለ 550 ዋት ፓኔሎችን በሲሪየስ ሊያስር ያስባል። ጭነት በሌለበት ጊዜ የእያንዳንዳቸው ቮልት 49.8 ገደማ ስለሆነ ድምሩ 99.6 ነው፤ በወረቀት ላይ ያልፋል። ይህ ቁጥር ግን የተለካው ሴሉ 25 ዲግሪ ሙቀት ላይ ሳለ ነው። ፓኔል ሲቀዘቅዝ ቮልቱ ይጨምራል፤ በአንድ ዲግሪ ከመቶ 0.3 ያህል። አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ወደ 8 ዲግሪ ስትወርድ ያ 99.6 ከ104 ያልፋል፤ ፀሐይ ብቅ ስትል ኮንትሮለሩ ይሞታል። ከልክ በላይ ቮልት የገባበትን ዕቃ ደግሞ የፋብሪካ ዋስትና አይሸፍነውም። በፓራለል በኩልም ሦስትና ከዚያ በላይ መስመር ሲገናኝ ለየመስመሩ ፊውዝ ያስፈልጋል፤ አንዱ ቢበላሽ የሌሎቹ አምፒር ሁሉ ወደ እሱ ይመለሳልና። ፊውዝ የሚረክስ ዕቃ ነው፤ የሚዘለለውም ስለሚረክስ ይመስላል።

አንዳንድ ሻጮች «ገዢው የሚጠይቀው ዋጋ ብቻ ነው፣ የቀረው የባለሙያው ሥራ ነው» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ነገር ግን የተቃጠለ ኮንትሮለር ተሸክሞ የሚመጣ ደንበኛ የሚያንኳኳው የሱቁን በር ነው፤ ባለሙያው ስልኩን ከዘጋ ቆይቷል። ዋቱን፣ የሥራና ያለ ጭነት ቮልቱን፣ አምፒሩን ደረሰኝ ላይ መጻፍ አንድ መስመር ነው። ጣሪያውን ምን አለሽ ተራ ያስመሰለው ደንበኛ ከሁለት ዓመት በኋላ ሊጨምር ሲመጣ ያ መስመር ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ይናገራል።

ደላላውም ቢሆን ከዚህ ጥቅም አያጣም። ሁሉን በአዲስ የቀየረ ድርጅት ያወረዳቸው ባለ 330 ዋት ፓኔሎች በዋት ሲሸጡ እንደ ውዳቂ ይረክሳሉ። እነዚያኑ ፓኔሎች ግን በቮልትና በአምፒር የሚገጥም የሚፈልግ፣ 10 ሰቅሎ 4 ያጣ ሰው አለ። ይህን የሚያውቅ ደላላ ወደ እሱ ጣሪያ ከመሄዱ በፊት በርካሽ መልቲሜትር የእያንዳንዱን ቮልትና አምፒር በቀትር ፀሐይ ለክቶ፣ ከለጠፈው ወረቀት ጋር አስተያይቶ፣ የደከሙትን ለይቶ ማስቀመጥ አለበት።