የዘገየው ኮምፒውተሩ ነውን? ስለ ቤት ኔትወርክና ስለ ችኩል ፎርማት

አንድን ውጤት ያስከተለውን ምክንያት ለመለየት፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ አንዱን ተለዋዋጭ ብቻ መቀየር እንደሚገባ በምርምር ዘዴ ትምህርት ተምረናል። በጣራ ገዳም ደን ውስጥ ናሙና ስንወስድ ይህን ሕግ በጥንቃቄ እንጠብቀዋለን። ማታ ያንኑ መረጃ የያዘው ላፕቶፕ ሲንቀራፈፍ ግን እንዘነጋዋለን፤ «ቫይረስ ነው» ብለን ፎርማት እናስደርጋለን።

እኔም አድርጌዋለሁ። ደብረ ታቦር በተከራየሁት ቤት ላፕቶፔ አንድ ፎልደር ለመክፈት ግማሽ ደቂቃ ያህል ይፈጅበት ጀመር። አንድ የጥገና ባለሙያ ዲስኩን ደምስሶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫነው፤ ቅጂ ያልነበረው የሁለት ሳምንት የናሙና መዝገብም አብሮ ጠፋ። (የመስክ ቅጾቹ በወረቀት ስለነበሩ እንደገና ለማስገባት ቻልሁ፤ ይህ ዕድል ለሁሉም አይገጥምም።) ኮምፒውተሩ ለጥቂት ቀናት ፈጠነ። የቀድሞ ቅንብሮቼን በመለስሁ ማግስት ግን ዝግመቱ ተመለሰ።

ምክንያቱን የገለጠው ዋይፋዩን ማጥፋት ነበር። ሲጠፋ ፎልደሩ ወዲያው ይከፈታል፤ ሲበራ ይደርቃል። በግቢ ቤተ ሙከራ ያለውን የጋራ ፎልደር እንደ ኔትወርክ ድራይቭ በላፕቶፔ ላይ አስመዝግቤው ነበር። ምንም ኔትወርክ ከሌለ ዊንዶውስ መንገድ እንደሌለ ስለሚያውቅ ፍለጋውን ይተዋል። የቤቱ ዋይፋይ ሲበራ ግን መንገድ ያለ ስለሚመስለው ከቤት የማይደረስበትን ሰርቨር ይጣራል፤ የመጠበቂያው ጊዜ እስኪያልፍም ፋይል ኤክስፕሎረር አይንቀሳቀስም። በዚህ ጊዜ ታስክ ማናጀርን የከፈተ ሰው ፕሮሰሰሩን ሥራ ፈትቶ ያገኘዋል። ማሽኑ ደክሞ ሳይሆን መልስ እየጠበቀ ነበር። የድራይቩን ግንኙነት ሳቋርጥ ችግሩ አበቃ።

ሌላው የተለመደ ምክንያት የመስክ ፎቶግራፎችን በስውር ወደ ዋንድራይቭ ወይም ጉግል ድራይቭ የሚልክ ፕሮግራም ነው። የመስመሩ የመላኪያ አቅም ሲሞላ የምንቀበለውም ይዘገያል፤ መረጃው መድረሱን የሚያረጋግጠው ምልክት በዚያው በተጨናነቀ መንገድ መውጣት አለበትና። በፒንግ መጀመሪያ ራውተሩን፣ ቀጥሎ ከቤት ውጭ ያለ አድራሻን መለካት ጥፋቱ የት እንዳለ ይጠቁማል። ራውተሩ ራሱ ዘግይቶ ከመለሰ መመርመር ያለበት የቤቱ ዋይፋይ ነው፤ ራውተሩ ፈጥኖ ውጭው ከዘገየ ግን መስመሩ ነው። ዋይፋዩን በዊንዶውስ ቅንብር «ሜተርድ» ማድረግም ዋንድራይቭንና አብዛኛውን የዊንዶውስ ማሻሻያ ይገታል።

«የአገራችን ኢንተርኔት ደካማ ስለሆነ ነው» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ድካሙን አልክድም። ነገር ግን በራሴ ዲስክ ላይ ያለ ፎልደር እንዳይከፈት ያደረገው የመስመሩ ድካም አልነበረም፤ እንዲህ ያለው ፈጣን መልስ ፍተሻውን ያስቀረዋል ብዬ እሰጋለሁ።

በእኔ እምነት ለአዲስ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በሚሰጠው ገለጻ ላይ አንድ ሰዓት ለዚህ ቢውል ብዙ መዝገብ ይተርፋል። የትምህርት ክፍሎችም የጋራ ፎልደር ሲያስመዘግቡልን፣ ወደ ቤት ስንሄድ ግንኙነቱን እንዴት እንደምናቋርጠው አብረው ያስረዱን። እስከዚያው ላፕቶፑን ለጥገና ከመስጠታችን በፊት መረጃውን በሌላ ዲስክ ገልብጠን፣ ዋይፋዩን አጥፍተን ያንኑ ፎልደር ዳግም እንክፈተው።