«ኬሚካል በቃኝ» ላሉኝ እናት

ዛሬ ትንሽ ሆድ የባሰኝን ነገር ላካፍላችሁ።

ሰሞኑን አንዲት እናት የጡት ካንሰር ሕክምናቸውን መሃል ላይ አቋርጠው ከአራት ወር በኋላ ተመልሰው መጡ። «ዶክተርዬ፣ ኬሚካሉ በቃኝ፤ ከተፈጥሮ የሆነውን ልሞክር ብዬ ነው» አሉኝ። ከቦርሳቸው አንድ ፌስታል የተፈጨ ሥር አወጡ። ስሙን እሳቸውም አያውቁትም፣ እኔም አላወቅኩትም። ዕጢው ግን አራቱን ወር ቆሞ አልጠበቃቸውም።

የሚገርመው ምን መሰላችሁ? ያቋረጡት ኬሞ ፓክሊታክሰል ነበር። ፓክሊታክሰል ደግሞ የተገኘው ከዛፍ ቅርፊት ነው!

ዛፉ ዩው ይባላል፤ በአሜሪካ ምዕራባዊ ጫካዎች ይበቅላል። (የኛ ጥድ አይደለም። ዩውን አፍልቶ መጠጣትም ልብን የሚያቆም መርዝ ነው፤ እንዳትሞክሩት።) ቅርፊቱ ለምርመራ የተወሰደው በ1962 እ.ኤ.አ. ነው። ዎልና ዋኒ የተባሉ ኬሚስቶች ንጥረ ነገሩን ለይተው በ1971 ይፋ አደረጉ፤ በ1992 ደግሞ ለኦቫሪ ካንሰር ተፈቀደ።

ችግሩ፣ ቅርፊቱ የተላጠ ዛፍ ይሞታል። ለአንድ ታካሚ ወደ ሦስት የሚጠጉ ትልልቅ ዛፎች ያስፈልጉ ነበር፤ ዛፉ ደግሞ እድገቱ እጅግ አዝጋሚ ነው። ዛፉ ይትረፍ ወይስ ታካሚዋ? ያኔ የምር ያጨቃጨቀ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ የመጣው መፍትሔ ከአውሮፓው ዩው ቅጠል ተነስቶ ቀሪውን በላብራቶሪ መጨረስ ነበር። ቀጥሎ ቲሹ ካልቸር መጣ።

ቲሹ ካልቸር እንዲህ ነው። ከዛፉ ትንሽ ቁራጭ ይወሰድና ከጀርም ጸድቶ ስኳር፣ ማዕድንና ሆርሞን ያለበት ምግብ ላይ ይቀመጣል። ሴሎቹ ቅጠል ወይም ግንድ መሆናቸውን ትተው ዝም ብለው ይባዛሉ። ከዚያ ልክ እንደ ቢራ መጥመቂያ ባለ ታንከር ውስጥ በፈሳሽ ያድጋሉ፤ ጀርመን አገር 75,000 ሊትር የሚይዝ አለ። ዕፅዋት እንዲህ ያሉ ንጥረ ነገሮችን የሚያመርቱት በአብዛኛው ራሳቸውን ለመከላከል ስለሆነ፣ ሴሎቹን «ጠላት መጣ» የሚል ኬሚካዊ ምልክት ይሰጧቸዋል። እነሱም ደንግጠው ማምረት ይጀምራሉ። እኔ ይሄን ክፍል በጣም ነው የምወደው! በመጨረሻ መድኃኒቱ ተነጥሎና ተጣርቶ በሚሊግራም ተለክቶ ይመጣል፤ አንድም ዛፍ አይቆረጥም።

ለሁሉም ዕፅ ይሠራል ማለት ግን አይደለም። ለኮአርተም መነሻ የሚሆነውን አርቴሚሲኒን የሚሰጠው ተክል ሴሎቹ በዚህ መንገድ ሲያድጉ መድኃኒቱን በበቂ መጠን አያመርቱም፤ እሱ አሁንም በዋናነት ከማሳ ይመጣል።

የኔ አቋም ይሄ ነው፦ «ተፈጥሮ ወይስ ኬሚካል» የሚለው ክርክር የተሳሳተ ነው። ፌስታሉ ውስጥ ያለውም ኬሚካል ነው፤ ልዩነቱ ስንት እንዳለና ከምን ጋር እንደተቀላቀለ የሚያውቅ አለመኖሩ ነው። ያው ዕፅ እንደ አፈሩ፣ እንደ ዝናቡና እንደ ዕድሜው የንጥረ ነገሩ መጠን ይለያያል። አንዱ ማንኪያ ምንም ላይሠራ፣ ሌላው ጉበት ሊጎዳ ይችላል። በዚያ ላይ ሥሩ ተቆፍሮ የሚሸጥ ዕፅ እንደ ዩው ዛፍ ሊመናመን፣ ሊጠፋም ይችላል። እኛም አገር እኮ የሙዝና የሸንኮራ አገዳ ችግኝ በቲሹ ካልቸር ይባዛል። መድኃኒት ማምረት ከዚያ በጣም ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ቢያንስ እየጠፉ ያሉትን ዕፅዋት በዚያው ላብራቶሪ አባዝቶ ማቆየት ግን ይቻላል።

እና እናታችን? ይሄን ሁሉ ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝና «ታዲያ መጀመሪያ ለምን አልነገራችሁኝም?» አሉኝ። ምን ልበል? «ኬሞ ነው» ብለን ሰቅለንላቸው ሄድን እንጂ ምን እንደሆነ ማን ነገራቸው?

አሁን ሕክምናቸውን እንደገና ጀምረዋል። እናንተም ኬሞ ላይ ሆናችሁ ዕፅ እየወሰዳችሁ ከሆነ ለሐኪማችሁ ሳትደብቁ ንገሩ፤ ፌስታሉንም ይዛችሁ ኑ፣ አንቆጣም።