ከባቡሩ በፊት እርሳስና ሜትር

ሰሞኑን አንዲት የሰፈሬ እናት መንገድ ላይ አስቁማ «ሲስተር፣ ይህ ልጅ ክረምቱን ሙሉ ስልክ ላይ ተተክሎ ሊከርም ነው፤ ምን ላድርገው?» አለችኝ። ስልኩን ቀምቶ ባዶ እጁን መተው እንደማያዋጣ እናንተም ታውቃላችሁ፤ እጁ ሌላ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ከአምና ጀምሮ የእኔ መልስ አንድ ነው፦ የባቡር መስመር አሠሩት።

ለእኛ ለሸዋ ሮቢት ሰዎች ምሳሌው ሩቅ አይደለም። ከአዋሽ ተነሥቶ በይፋት ቆላ፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ አድርጎ ሃራ ገበያ የሚደርሰው ሐዲድ በአጠገባችን ያልፋል። ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ድርጅት ሥራውን በ2007 ዓ.ም. ሲጀምር የልጅ ልጄ አልተወለደችም ነበር። እሷ ትምህርት ቤት ገብታ ማካፈል ተማረች፤ መደበኛው ባቡር ግን ገና አልመጣም። «እማማ፣ ባቡሩ መቼ ነው የሚመጣው?» ትለኛለች። ለዚህ መልስ የለኝም። ትንሽ ሐዲድ ግን ቤት ውስጥ መዘርጋት እንችላለን።

ነገሩ ጣቢያውን፣ ድልድዩንና ኮረብታውን በልክ አሳንሶ ጠረጴዛ ላይ መሥራት ነው። በዓለም ላይ በጣም የተለመደው ልክ 1 ለ87 ነው። የእኛ ሐዲድ ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለ87 ሲካፈል 16.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በዚህ ልክ የሚሸጡት ትንንሽ ሐዲዶችም ስፋታቸው ይኸው ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ስለነበር በዚሁ ልክ 11.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። 1 ሜትር ከ74 የሆነ ሰው ቁመቱ 2 ሳንቲ ሜትር ነው። ማካፈሉን ለልጁ ተዉለት፤ የቤት ሥራ መሆኑን ሳያውቅ ይሠራዋል።

የእኔዋ መጀመሪያ ከአዋሽ እስከ ሃራ ገበያ ያለውን በሙሉ እንሥራ አለች። ካልኩሌተር ሰጠኋት። መስመሩ ወደ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለ87 ሲካፈል 4 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይመጣል። «ከቤታችን ወጥቶ ከተማውን ያልፋላ!» ብላ ሳቀች። ዕቅዱ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው፤ ምን ይግባ፣ ምን ይቅር? አንድ ጣቢያ፣ በሮቢ ወንዝ ላይ አንድ ድልድይ፣ አንድ ኮረብታ፣ ወደ ገበያ የሚወርዱ ግመሎች። ግመሎቹን በጭቃ ሠራቻቸው፤ ከእኔ በግ ጋር ቢተያዩ የእሷ ይሻላሉ።

እዚህ ላይ ለእኛ ለትልልቆቹ አንድ ነገር ልበል። ምን ይግባ፣ ምን ይቅር የሚለውን መወሰን የልጆቹ ድርሻ ይሁን። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ቤታቸው የነደደባቸው ዘመዶች አሉን፤ ልጃቸው አሁን 11 ዓመቱ ነው። ከልጅ ልጄ ጋር ሊሠራ መጣና የሰሌዳውን አንድ ጥግ ወስዶ «አጣዬ» ብሎ ጻፈበት። መንገድ አወጣ፣ ዛፍ ተከለ፣ የካርቶን ቤቶች ደረደረ፤ መካከል ላይ አንድ ቦታ ባዶ ተወ። አጎቱ ቤት አንሥቶ ሊያስቀምጥበት እጁን ሲዘረጋ በዓይኔ ከለከልኩት። በሥራ ዘመኔ እንዳየሁት ልጅ ያስፈራውን ነገር በአፉ ከመናገሩ በፊት በጨዋታው ያወጣዋል። ስትጠይቁት ይዘጋል፤ ዝም ብላችሁ አብራችሁት ስትቀመጡ በራሱ ጊዜ ይናገራል ወይም አይናገርም። ጨዋታው ለሳምንታት ያንኑ ክፉ ነገር ብቻ የሚደጋግም ከሆነ፣ እንቅልፍ ካጣ ወይም ትቶት የነበረው አልጋ ማርጠብ ከተመለሰ ግን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ያ ቦታ እስካሁን ባዶ ነው፤ ባቡሩ እዚያ እንዲቆም ግን ልጁ አዟል።

ወደ ጠረጴዛው ልመለስ። በ1 ለ87 ልክ ባቡሩ ዞሮ እንዲመለስ ሐዲዱ ከመሐል እስከ ዳር 36 ሳንቲ ሜትር ያህል ያለው ክብ መሥራት አለበት፤ ዳርና ዳሩን ስትጨምሩ የሰሌዳው ወርድ ከ90 ሳንቲ ሜትር ማነስ የለበትም። ግድግዳ ላይ አታስጠጉት፤ ባቡሩ የሚወድቀው ሁልጊዜ እጅ በማይደርስበት በኩል ነው። ቁመቱ ልጁ ቆሞ፣ እናንተ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ የምትሠሩበት ይሁን። ወገባችን የራሳችን ነው።

ሐዲዱን ሽቅብ ለማስወጣት አትቸኩሉ። በ1 ሜትር ርዝመት ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍ ካለ ትንሹ ሞተር ይለግማል። ይልቅ ወንዙን ዝቅ አድርጉት፦ የቴሌቪዥን ማሸጊያ ነጭ ፎም ሰሌዳው ላይ አንጥፉና የወንዙን መንገድ ቆርጣችሁ አውጡ፤ ሐዲዱ ሳይነሣ ድልድይ ታገኛላችሁ።

ኮረብታው በጀሶ ይሠራል። በጀሶ ስንቱን የተሰበረ እግር ስናስር ኖረናል፤ ጨርቁን ነክሮ በተጨማደደ ጋዜጣ ላይ ማልበስ ነው (ይህን ገጽ አንብባችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ)። ጀሶ ሲጠነክር ይሞቃል፤ የልጅ እጅ ውስጡ ተነክሮ ከቆየ ሊያቃጥለው ይችላል። ዱቄቱን አዋቂ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ይበጥብጠው፤ የተረፈውን ሲንክ ውስጥ አትድፉት፣ ቧንቧ ይደፍናል።

በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር ሐዲዱ ላይ የሚያገኘው እስከ 12 ቮልት ብቻ ነው፤ ግድግዳው ላይ ያለው ግን 220 ነው፤ መሰካትና መንቀል የአዋቂ ሥራ ይሁን። ይበልጥ የምፈራው ሳንቲም የምትመስለውን ክብ ባትሪ ነው። ልጅ ከዋጣት ምልክት አትጠብቁ፣ ለማስመለስም አትሞክሩ፤ በ2 ሰዓት ውስጥ የምግብ ቧንቧውን ልታቃጥል ትችላለችና ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ ባለበት ቤት ትንንሹ ዕቃ ሁሉ ሣጥን ውስጥ ይቆለፍ።

የእኛን ባቡር ውጭ አገር ያለ ዘመድ ነው የላከልን፤ ያ የሌለው ሰው ይቅርብኝ አይበል። ከለስላሳ ቆርኪ ጎማ መሥራት ይቻላል። ቆርኪ ስፋቱ 3 ሳንቲ ሜትር ከትንሽ ነው፤ የእውነተኛው ፉርጎ ጎማ ወደ 1 ሜትር ይጠጋል፤ ስለዚህ ልካችሁ 1 ለ30 ይሆናል ማለት ነው። ሐዲዱ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ከሽቦ ዘርጉት፣ ከሥሩ የማሽላ አገዳ አጋድሙ። በዚህ ልክ 20 ሜትር የሚሆን ፉርጎ 67 ሳንቲ ሜትር ስለሚመጣ ቤት አይበቃውም፤ ፉርጎውን አሳጥራችሁ ሐዲዱን በግቢ ዘርጉት፣ ባቡሩም በእጅ ይገፋ።