ነጭ ጥርስ በሎሚና በከሰል አይገኝም

ጥርስን በሎሚና በጨው ማሸት፣ በከሰል ዱቄት መፈግፈግ፣ ምንነቱ ባልታወቀ ጄል ማንጣት ከአዲስ አበባ እስከ ጋሞ ደጋዋ ጨንቻ በየስልኩ እንደ ቀላል ነገር ይመከራል። ቀላል አይደለም። ኢናሜል የሚባለው የጥርስ ውጫዊ ሽፋን አንዴ ካለቀ ዳግም አይበቅልም። የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ መሟሟት ይጀምራል፤ የሎሚ ጭማቂ ደግሞ 2 ገደማ ነው። በሎሚ የለሰለሰን ጥርስ በከሰል መፈግፈግ ሽፋኑን መላጥ ነው፤ ከሥሩ ያለው ቢጫ አካል ይገለጥና ጥርሱ ይብሱን ይበልዛል። ጨንቻ የምትታወቅበት አፕልም አሲድ አለው። ይበላ፤ ግን ወዲያው በውኃ መጉመጥመጥ፣ ለመፋቅም ግማሽ ሰዓት ያህል መቆየት ይበጃል።

በስምጥ ሸለቆ ባደጉ ብዙዎች ጥርስ ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለም ቆሻሻ አይደለም። ጥርስ በሚሠራበት የልጅነት ዕድሜ ከውኃ ጋር ከመጠን በላይ የተጠጣ ፍሎራይድ ያመጣው ፍሎሮሲስ ነው፤ ኢናሜሉ ውስጥ ስላለ ቢፍቁት አይለቅም። በዚህ አፍሮ አፉን በእጁ ሸፍኖ የሚስቅ ወጣት ሐኪም እንጂ ከሰል አያስፈልገውም።

በማንጫ ጄሎች ውስጥ የሚገባው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በባለሙያ እጅና በልኩ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ለጥቂት ቀናት ጥርስን ከማሳመም አያልፍም። የአውሮፓ ኅብረት ግን ከ0.1 በመቶ በላይ የያዘውን ማንጫ በጥርስ ሐኪም በኩል ብቻ እንዲሰጥ፣ ከ18 ዓመት በታች ላሉም እንዲከለከል አድርጓል። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም መጠኑ ያልተጻፈበትን ጄል ከመደብሮች ያስነሣ። በቆላው የጋሞ ቀበሌዎች ልጆች የሚጠጡት የጉድጓድ ውኃም የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ጣሪያ፣ ከበሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ፣ አለማለፉ ይመርመር።