ከጫፉ በፊት የተመለስንበት ቀን



ዕረፍት ሲመጣ ቤተሰብን ይዞ ዘመድ ጥየቃ መሄድ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ተራራ ለማየት ብሎ አያትና ሕፃን ይዞ መነሳት ግን በብዙዎቻችን ቤት ገና እንግዳ ነገር ነው። ባለፈው ታኅሣሥ ሁለት ቤተሰብ ሆነን፣ በሁለት መኪና ተጭነን ይህንኑ አደረግን። መድረሻችንም የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነበር። ዛሬ ያየነውን ብቻ ሳይሆን ያጠፋነውንም ልናወጋችሁ ወደድን።

ማታውን ሮቤ አድረን፣ ሱብሒን እንደሰገድን ወደ ዲንሾ ተመለስን። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለው እዚያ ቢሆንም ትናንት በጨለማ ስላለፍነው ምንም አላየንም ነበር። የመግቢያውን ከፍለን፣ አስጎብኚ ይዘን በእግር ገባን። ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ከጫማችን ሥር ይንኮሻኮሻል። በጽድና በኮሶ ዛፎች መካከል ጥቂት እንደተጓዝን አስጎብኚያችን እጁን አንስቶ አስቆመን። ጠምዛዛ ቀንድ ያለው ደጋ አጋዘን ከሴቶቹ ጋር ቆሞ ያየናል። ከአገራችን በቀር በዱር የትም አይገኝም። እኛ ትልልቆቹ ከአሥር ሳንቲም ላይ ስለምናውቀው የቆየ ወዳጅ ያገኘን ያህል ደስ አለን። ልጆቹ ግን አጋዘኑንም አሥር ሳንቲሙንም አያውቁም ኖሮ፣ «ሳንቲም ላይ ምን ይሠራል?» እያሉ አሳቁን።

የዘጠኝ ዓመቷ ልጃችን ከሁሉም ፊት ፊት እየሮጠች ነበር። ይህንን ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሁለት ሰዓት ያህል ከተንሸራሸርን በኋላ በሮቤና በጎባ አድርገን ወደ ሳነቴ ወጣን። ዳገቱ ራሱ ትምህርት ቤት ነው። ከጎባ በላይ ረጃጅሙ ዛፍ እየቀረ አስታው ይተካል፤ አስታውም እያጠረ ሄዶ በመጨረሻ ሜዳ ላይ እንደ ዘበኛ ለየብቻ የቆመ ጅብራ ብቻ ይቀራል። ሳነቴ ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ የሆነ ሰፊ አምባ ነው። ከዚያ ላይ የሚነሳው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ ደግሞ 4,377 ሜትር ይደርሳል።

ቀይ ቀበሮን ያየነው እዚያ ነው። ከመንገዱ ጥቂት ራቅ ብሎ ጆሮውን ቀስሮ የአይጥ ጉድጓድ ይጠብቅ ነበር። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡና ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእነዚህ ተራሮች እንደሚኖሩ አስጎብኚያችን ነገረን። ከጠላቶቹ ሁሉ የከፋው ጥይት አይደለም፤ ከመንደር ውሾች የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስለዚህም የአካባቢው ውሾች ይከተባሉ። ከመካከላችን አንዱ ልጅ ዳቦ ሊወረውርለት ሲል አስጎብኚው እጁን ያዘውና፣ «የሰው ምግብ የለመደ አውሬ አደኑን ይተዋል፤ ወደ መኪናም ይጠጋል» አለው።

በአንዲት ትንሽ ሐይቅ ዳር ተቀምጠን ሳንቡሳችንን፣ ተምራችንን፣ የፔርሙዝ ሻያችንን ዘረጋን። ውሃው እጅ ያደነዝዛል። ውዱእ አድርገን ዙህርና ዐስርን አጣምረን ሰገድን። ከእነዚህ ተራሮች የሚነሱት ወይብን የመሰሉ ወንዞች ቆላውን አጠጥተው እስከ ሶማሊያ ለሚኖር ሕዝብ እንደሚተርፉ የተረዳነው እዚያ ነው። ወይብ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰንጥቆ የሚያልፈው ወንዝ ነው። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መመዝገቡ አላስገረመንም።

አሁን ወደ ጥፋታችን እንምጣ። ወንዶቹ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ ፎቶ ሳንነሳ አንመለስም ብለን ነበር። ዕቃ ስንሰበስብ አያቷ፣ «ይህች ልጅ ዳቦውን ይዛዋለች እንጂ አልነከሰችውም» አሉ። ቀና ብለን ስናያት ጠዋት ፊት ፊት ስትሮጥ የነበረችው ልጅ ግንባሯን ጉልበቷ ላይ ደፍታለች። ራሷን ያማታል፤ ያቅለሸልሻታል። መቼ ጀመረሽ ብንላት፣ «ገና ስንወጣ። እንዳትናደዱ ብዬ ነው» አለች።

አባቷ፣ «ጥቂት ነው የቀረን፤ መኪና ውስጥ ትረፍ» ብሎ ነበር። አስጎብኚያችን ግን በትሕትና፣ «ጋሼ፣ ተራራው ነገም አለ። የከፍታ ሕመም መድኃኒቱ መውረድ ነው» አለው። እውነቱን ነው። በ4,000 ሜትር ላይ አንድ ሰው በሚስበው ትንፋሽ ውስጥ የሚያገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አምስተኛውን ያህል ነው። ገላ ደግሞ ይህንን ቀስ በቀስ እንጂ ባንድ ጠዋት አይለምድም። ምልክቱን ንቆ ወደ ላይ መቀጠል ሕይወት እስከ መቅጠፍ ይደርሳል።

ጫፉን እያየን ዞርን። ከአምባው ማዶ ያለውን፣ የጫካ ቡና የሚበቅልበትን የሐረና ደንንም ሳናየው ቀረን። ወደ ጎባ ስንወርድ በመኪናው ውስጥ የሚናገር አልነበረም። ከተማው ልንገባ ስንል ግን ከኋላ ቀጭን ድምፅ፣ «ሳንቡሳ ቀርቷል?» ሲል ሁላችንም አልሐምዱሊላህ አልን። አባቷም ዞር ብሎ፣ «ልጄ፣ ከእንግዲህ ሲያምሽ ንገሪኝ፤ አልቆጣሽም» አላት። ከዚያ ቀን ሁሉ ትልቁ ነገር ለእኛ ይህ ቃል ነበር።

ውድ አንባብያን! ልጆች ደስታችንን እንዳያደፈርሱ ሕመማቸውን ይደብቃሉ፤ በተራራ ላይ ብቻም አይደለም። ስለዚህ እንዲህ ላለው ጉዞ ስትነሱ ጉብኝቱን ባንድ ቀን አትጨርሱት፤ ወደ ሳነቴ ከመውጣታችሁ በፊት ደጋው ላይ አንድ ሁለት ሌሊት እደሩ። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበትና ነፍሰ ጡር ሐኪም ያማክሩ። ወፍራም ልብስና በቂ ውሃ ያዙ፤ ቆሻሻችሁን መልሳችሁ ውሰዱ። ከሁሉም በላይ ግን በየመቆሚያው ትንሹን ልጅ ለብቻው ጠጋ ብላችሁ «እንዴት ነህ?» በሉት። የጉዞው ፍጥነት የሚለካው በእርሱ እርምጃ ነው።

ቱሉ ዲምቱ እዚያው አለ። ኢንሻአላህ፣ በሌላ ዓመት ቀስ ብለን እንወጣዋለን።