ጤናችን፦ ጭርት ፊት ላይ ሲወጣ

ከተማሪዎቻችን አንዲት እናት ከትምህርት ቀሩ። ቤታቸው ሄድን። ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነዋል። ጉንጫቸው ላይ ክብ፣ ቀይ፣ የሚያሳክክ ነገር ወጥቷል። «የሰው ዓይን ነው» አሉን። የጥጃቸው አንገት ላይም ፀጉሩ በክብ ረግፏል።

ጤና ጣቢያ አብረን ሄድን። «ጭርት ነው፤ ከጥጃው ተጋብቶ ይሆናል» ተባልን።

ጭርትን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ነው። ከከብት ወደ ሰው፣ ከሰውም ወደ ሰው ይጋባል። በፎጣና በሻሽ ይተላለፋል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንከከው። አመድ ወይም የባትሪ ድንጋይ አንቀባው፤ ፊት ያቆስላል። ጎረቤት የሰጠንንም ቅባት አንቀባ። አንዳንዱ ማሳከኩን ያስታግሳል፤ ጭርቱን ግን ያሰፋዋል።

ጤና ጣቢያ እንሂድ። የጭርት ቅባት ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቀባል። ቅላቱ ጠፋ ብለን አናቋርጥ። ፎጣችንን እንለይ። ጥጃውንም ለእንስሳት ሐኪም እናሳይ።

የማያሳክክ፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ካየን ግን አንድ ቀን አንደር። የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል። እሱም በጊዜ ከታከሙት ይድናል።

እኚያ እናት ከወር በኋላ ተመለሱ። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ነበር። ስማቸውን ሰሌዳው ላይ ጻፉ።