ሀሰንን ከሁሴን የማይለይ ስክሪን

ሀሰንና ሁሴን። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ በየሰፈሩ የሚጠሩ ሁለት ስሞች ናቸው። በፊደል ሲጻፉ የሚለያቸው «ሀ» ወገብ ላይ የምትቀጠል የካዕብ ጭረትና «ሰ» እግር ላይ የምትንጠለጠል የኃምስ ቀለበት ብቻ ናት። እነዚህ ስክሪን ላይ ካልታዩ የሀሰን ርዳታ ለሁሴን፣ የሁሴን ደመወዝ ለሀሰን ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ማመልከቻ፣ ምልልስና «ነገ ና» የቀመሰ ያውቀዋል።

የሚገርመው ችግሩ የሚመጣው ከአሮጌው ኮምፒውተር ጋር ሳይሆን ከአዲሱ ጋር ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የኖረው ባለ 15.6 ኢንች ላፕቶፕ 1366 በ768 ፒክስል ነበረው፤ በአንድ ኢንች 100 ገደማ ነጥብ ማለት ነው። ዛሬ «ፎርኬ» ተብሎ የሚገዛው፣ ስፋቱ ያው የሆነ ስክሪን በአንድ ኢንች 280 ያህል ነጥብ ያጭቃል። ፊልም ለሚያይበት ደስ ይላል። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የተሠራ የሒሳብ ወይም የመዝገብ ሶፍትዌር ግን ፊደሉን የሚለካው በነጥብ ቆጠራ ነው። «12 ነጥብ ቁመት» ተብሎ ከታዘዘ 12 ነጥብ ይሰጣል። በድሮው ስክሪን 3 ሚሊ ሜትር የነበረው ፊደል በአዲሱ 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። «አስቀምጥ» እና «ሰርዝ» የሚሉት አይከኖችም ጎን ለጎን ተጣብቀው የጤፍ ፍሬ ለማከል ትንሽ ይቀራቸዋል።

በላቲን የሚጻፈው አፋርኛ እንኳ ይህን ያህል አይጎዳም። የግዕዝ ፊደል ግን ድምፁን ሁሉ የተሸከመው በጭረት ነው። «ይከፈል» እና «ይከፍል» መካከል ያለው ርቀት የከፋይና የተከፋይ ርቀት ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ 345 ምልክቶች ይዞ ነበር፤ ይህ ሁሉ በ12 ነጥብ ውስጥ ተጨናንቆ ይነበባል ብሎ የሚያስብ አማርኛ አንብቦ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት።

«በዚህ ሁሉ መከራ መሐል የፊደል መጠን ምን ያወራል?» የሚል አይጠፋም። መከራው ራሱ ነው በስም ዝርዝር የሚሠራው። በ2012 ክረምት አዋሽ ሞልቶ ሲያጥለቀልቅ፣ በ2017 ደግሞ የፈንታሌ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲበረታ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ወጥቷል። የተፈናቀለ ሰው ዱቄትም ድንኳንም የሚደርሰው ስሙ በትክክል ሲጻፍ ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ ደግሞ አንድ መዝገብ ላይ የተሳሳተ ስም ከሌላው ጋር ሲመሳከር ባለቤቱን ይዞ ይቆማል።

ታዲያ ምን ይደረጋል? ብዙ ቦታ የሚደረገው ሬዞሉሽኑን ዝቅ ማድረግ ነው። ፊደሉ ይተልቃል፣ ግን ይደበዝዛል፤ የኃምሷ ቀለበት ሞልታ ነጠብጣብ ትሆናለች። ገንዘብ የተከፈለበትን ስክሪን ወደ አሮጌ መመለስም ነው። የተሻለው መንገድ የዊንዶውስን ስኬል ወደ 150 ወይም 200 በመቶ ማሳደግ ነው። ያም ሆኖ የማይሰማ ፕሮግራም አለ፤ ዊንዶውስ ላጉላህ ሲለው «ራሴ እችላለሁ» ብሎ መልሶ ምንም አያደርግም። ለእንዲህ ያለው እብሪተኛ እ.ኤ.አ. በ2017 የጸደይ ወራት የወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ መላ አምጥቷል። የፕሮግራሙ አይከን ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ኮምፓቲቢሊቲ፣ ቼንጅ ሃይ ዲፒአይ ሴቲንግስ፤ እዚያ ውስጥ ኦቨርራይዱን አብርቶ «ሲስተም ኢንሃንስድ» መምረጥ ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ብርም አይጠይቅም። በጃቫ 8 የሚሠራ ከሆነ ወደ ጃቫ 9 ወይም ከዚያ በላይ ማሳደግ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። በብሮውዘር የሚከፈት ከሆነማ ኮንትሮልና የመደመር ምልክት።

ይህን ግን መዝገብ ቤት የተቀመጠችው ሠራተኛ ፈልጋ እንድታገኘው መጠበቅ ግፍ ነው። ዕድሜዋ ከ40 ካለፈ የቅርብ እይታዋ በተፈጥሮው እየደከመ ነው፤ በሰመራ ፀሐይ መስኮቱ በሙሉ ስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል፤ ወረፋው በሩን አልፎ ወጥቷል። ስትሳሳት «ጥንቃቄ የጎደላት» ተብላ የምትጻፈው እሷ ናት። ሶፍትዌሩን የሸጠው ድርጅት ስሙ አይነሳም፤ ክፍያውን ተቀብሎ ሄዷል።

ጉዳዩ መያዝ ያለበት ውል ላይ ነው። ሶፍትዌር የሚገዛ መሥሪያ ቤት ርክክብ ከመፈረሙ በፊት ፕሮግራሙን በራሱ ስክሪን፣ በ100፣ በ150ና በ200 በመቶ ስኬል አስከፍቶ ይይ። ፈታኙ የአይቲ ባለሙያው አይሁን፤ እሱ ወጣት ነው፣ አፍንጫውን አስጠግቶም ያነባል። ፕሮግራሙን በየቀኑ የምትጠቀመው ሠራተኛ ወንበሯ ላይ ተደግፋ ሃያ ስም ታንብብ። ከሃያው አንዱን ከሳተች ፊርማው ይቆይ።

ሠሪው የጠፋ፣ የሚያድሰው የሌለ ፕሮግራም ላይ የተጣበቀ ቢሮ ደግሞ ፎርኬ መግዛቱን ይተው። ባለ 24 ኢንች፣ 1920 በ1080 የሆነ ተራ ሞኒተር በአንድ ኢንች 92 ነጥብ ብቻ ስላለው የድሮውን ፊደል ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ አድርጎ ያሳያል፤ ዋጋውም ከላፕቶፑ በብዙ ያንሳል። ፎርኬው ለሕዝብ ግንኙነት ክፍል ይሰጥ፤ እነሱ ቪዲዮ ያቀናብሩበታል።